የአባታችን ጉልበት

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ቤት የገባችሁ ሁሉ ያንን ፎቶ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው መኪና ተደግፎ፣ አንድ እግሩን አጠፍ አድርጎ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ ይስቃል። ፎቶው ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ አያት ታወርደዋለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ታሳያለች። እንግዳው «እሰይ! መኪናም ገዛ!» ብሎ ይመርቃል። ከበር ሲወጣ ደግሞ «መንገድ ላይ የቆመ የሰው መኪና ተደግፎ ነው እኮ» ይላል።

እኛም ቤት ያ ፎቶ ነበር። እኛ ማለት እህትና ወንድም ነን። አንዳችን ጋዜጠኝነት ተምራ ተመርቃለች፤ አንዳችን አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ሲሠራ፣ መኪና ሥር ተኝቶ ነው የጎረመሰው። ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መለየት ስለሚያጣላን ሁሉንም «እኛ» እያልን እንጽፋለን።

ፎቶው ላይ ያለው ሰው አባታችን ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ፣ በ2003፣ እኛን ለእናቱ ሰጥቶ ሄደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መኪናው ፈረንጅ ስለሆነ እንዳንጋጭ ብለን ነው።) ወረቀት ተጓተተ፣ ጠፋ፣ ተገኘ፣ እንደገና ተጓተተ። እኛ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደረስነው በ2023 ነው። ሃያ ዓመት! በስልክ «አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?» እያልነው ያደግነው ሰው፣ ኤርፖርት ላይ ሸብተው ቆመው ስናያቸው «አንተ» ማለት አቃተን። ሳንመካከር ሁለታችንም «እንደምን ነዎት?» አልን። እሳቸውም አላረሙንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባባ» እና «እርስዎ» ሆኑ።

ሻንጣ ሳናወርድ የጠየቅነው የፎቶውን ነገር ነው። «ያ መኪና ግን የማን ነበር?» ሳቁና ከቤቱ ጎን ወዳለችው የመኪና ማደሪያ ወሰዱን። የአቧራ መከላከያ ሸራውን ገለጡት። ሰማያዊ፣ የ1969 ሼቭሮሌት ካማሮ። የራሳቸው! አያታችን ይህን ሳታይ ማለፏ ቆጨን፤ የስንቱን ሐሜተኛ አፍ ታስይዝ ነበር።

«ይሄዳል?» አልናቸው።

«ቆሟል» አሉ። «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮውም ይጮኻል። አርጅቷል፣ ተዉት።» ሸራውን መልሰው አለበሱት።

እንዲህ ያለውን መኪና አሜሪካኖች ባለ ጡንቻ ይሉታል። እኛ ብንሰይመው ጉልበተኛ እንለው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ብዙም ግዙፍ ያልሆነ አካል ወስደህ ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር ትከትበታለህ፤ ዋጋውን ደግሞ ወጣት ሠራተኛ እንዲደርስበት ታደርገዋለህ። ብዙዎች አጀማመሩን ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥሩታል። በዚያው ዓመት ፎርድ ሙስታንግን ሲያወጣ ጄኔራል ሞተርስ በ1966 በካማሮ መለሰለት። ዘመኑ ግን አጭር ነበር። የኢንሹራንስ ዋጋ ናረ፤ በ1970 የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ፤ በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። ጉልበተኞቹ ተራ በተራ ደከሙ። የ1969ኙ ካማሮ የተገጣጠመባቸው የኖርዉድ፣ ኦሃዮ እና የቫን ናይስ፣ ካሊፎርኒያ ፋብሪካዎችም በ1987 እና በ1992 ተዘግተዋል። የአባባ መኪና 5.7 ሊትር ሞተርና ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አለው። ካምቢዮው ኢንዲያና ውስጥ መንሲ ከተማ ስለተሠራ በከተማው ስም «መንሲ» ይባላል።

የፓርኪንግ ሠራተኛ እንዴት አድርጎ ገዛው? አባባ ሀገር ቤት የኤንትሬ ሾፌር ነበሩ። የአሰብን መንገድ እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ዋሽንግተን ሲደርሱ ያገኙት ሥራ የሰው መኪና ማስገባትና ማውጣት ነበር። የዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ፓርኪንግ በአማርኛ ነበር የሚሠራው ብንል ብዙ አላጋነንም። ታዲያ አሜሪካ አብዛኛው መኪና አውቶማቲክ ነው፤ በእጅ ማርሽ የሚቀየርለት ሲመጣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይጠፋል። ያኔ አባባ ይጠራሉ። በየሳምንቱ በካማሮ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ቁልፋቸውን ከእሳቸው በቀር ለማንም አይሰጡም ነበር። በ2007 ሽማግሌው መንዳት ሲያቆሙ መኪናውን ለአባባ ሸጡላቸው፤ ክፍያው በየወሩ ጥቂት በጥቂት። ፎቶው የተነሣው ያን ሰሞን ነው።

ወደ በሽታው እንመለስ። ሥራ ፍለጋው ፋታ ሲሰጠን፣ አንድ እሑድ ሞተሩን አስነሣነው። የማቆሚያውን ፍሬን ያዝን፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባን፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገን ለቀቅነው። ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ዝም ብሎ ይዞራል፤ የመቃጠል ሽታ ቤቱን ሞላው። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ሁለተኛ ማርሽ ልናስገባ ስንል ደግሞ ካምቢዮው ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ጮኸ። ፔዳሉን ደጋግመን ረግጠን ስንወርድ ታፋችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ እኛ ያን ቀን ልብ አላልነውም።

ጋራዥ ዋጋ ብንጠይቅ የሁለታችን የሁለት ወር ደሞዝ ሆነ። የአባባ ጓደኞች «አውቶማቲክ ካምቢዮ አስገቡበትና ተገላገሉ» ብለው መከሩን። ምክሩ ሞኝነት አልነበረም፤ አውቶማቲክ ሲሆን የፍሪሲዮን ፔዳል የሚባል ነገር አይኖርም። አባባ ይህን ሲሰሙ «እንዲያ ከምታደርጉት ሽጡት!» ብለው ተነሥተው ወጡ። «ተዉት» ላሉት መኪና ለምን ተቆጡ? ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተማረችው ይህን መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም። እኛው ልንፈታው ወሰንን።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ እንጫወት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ... የአዲስ አበባ ጋራዥ የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። መለዋወጫ መደብር ገብተን በሙሉ ልብ «ፍሪሲዮን» ስንል ሻጩ የምግብ ቤት አድራሻ የጠየቅነው መሰለው። የምናውቀውን ሥራ በማናውቀው ስም መጥራት የስደት የመጀመሪያው ፈተና ነው። አባባ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበሩ ማለት ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል። መኪናው በክሪክ ይነሣና አራት የብረት እግሮች ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው የዕድሜው ጌታ አይደለም። የካምቢዮው ዘይት ይወርዳል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይፈታል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድና የማርሹ ዘንጎች ይላቀቃሉ። ከዚያ ካምቢዮው ከሥር በክሪክ ይደገፍና ካምቢዮውን የተሸከመው አግዳሚ ብረት ይወጣል፤ በመጨረሻ ከሞተሩ ጋር የሚያያዙት አራት ትልልቅ ብሎኖች ይፈታሉ። ካምቢዮው ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ደረታችን ላይ ተቀብለን እናወርደዋለን ብለን ነበር፤ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ሮጠው ለዚሁ የተሠራ ክሪክ ባያመጡልን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

የፍሪሲዮኑ ቤት ሲከፈት ጥቁር አቧራ ወጣ። አዲስ አበባ ብንሆን በኮምፕሬሰር እፍ እናደርገው ነበር። ጎረቤታችን «አይሞከርም!» ብለው እጃችንን ያዙ። በድሮ ጊዜ የፍሪሲዮን ሸራ በአስቤስቶስ ነበር የሚሠራው፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰው ካንሰር ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚታየው። ጭንብል አድርገን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። ስንት የጋራዥ ጓደኛችንን አስታወስን!

አቧራው ሲጠራ ሁለት ነገር አየን። አንደኛው ሸራው ዘይት ጠጥቷል። የመንሲ ካምቢዮ የታወቀ ድካም አለው፦ ከአሉሚኒየም በተሠራው አካሉ ላይ የታችኛው ዘንግ የሚቀመጥበት ቀዳዳ በዕድሜ ይሰፋና ዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ ያፈስሳል። ለመንሸራተቱ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ሸራውን የሚጫነው ክፍል ነው። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው አዩትና አፏጩ። ባለ ሦስት ጣት፣ ጠንካራ ሞላዎች የተደረደሩበት፣ ለእሽቅድምድም የሚገባ ዓይነት ነው። ከአባባ በፊት የነበረ አንዱ ባለቤት ያስገባው መሆን አለበት። «ይህን በየትራፊክ መብራቱ የሚረግጥ ሰው የበሬ እግር ያስፈልገዋል» አሉን።

የካምቢዮውን የጎን ክዳን ስንከፍት ደግሞ የሁለተኛ ማርሽ የነሐስ ቀለበት ጥርሶቹ ተበልተዋል። ይህ ቀለበት ማርሾቹ ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ካልተረገጠ ሸራው ከሞተሩ ሙሉ ለሙሉ አይላቀቅም፤ ሞተሩ ዘንጉን መጎተቱን አያቆምም፤ ቀለበቱ በእያንዳንዱ ቅያሪ ይላጫል። ስለዚህ ይህን መኪና የነዳው ሰው ለረጅም ጊዜ ፔዳሉን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የረገጠው። ግን የኤንትሬ ሾፌር እንዴት ፍሪሲዮን በግማሽ ይረግጣል?

ያኔ ነው ትዝ ያለን። የመኪናውን ወረቀት ስንፈልግ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያረጀ፣ የተለጠጠ የጉልበት ማሰሪያ አግኝተን ነበር። የሽማግሌው ዕቃ መስሎን ወደ ጎን አድርገነዋል። ተመልሰን አወጣነው። ለግራ ጉልበት ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። ሁለታችን ተያየን። መኪናው አልነበረም ያረጀው።

ማታ አባባ ከታክሲ ሥራ ሲገቡ ማሰሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። የሚነዱት ታክሲ አውቶማቲክ ነው፤ የግራ እግር ሥራ የለውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ታክሲውን የመረጡት ለነዳጅ ቁጠባ ብቻ ይመስለን ነበር።

«ጉልበትዎን ያምዎታል?»

ቡናቸውን አማሰሉ። «ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሥራው... ብዙ ቆየ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የተማረችው ይህን ስትጠይቅ ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። አባባ ግን አልተቆጡም። «ስትደውሉ ‹ደህና ነህ?› ትላላችሁ። ‹ደህና ነኝ› እላለሁ። አመመኝ ብል እናቴ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች፤ እናንተም ልጆች ናችሁ። ከዚያ እየለመድኩት ሄድኩ» አሉ። ዝም ብለው ቆዩና ቀስ ብለው ጨመሩ። «እናንተስ እናቴ ተቀብራ ‹ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች› ብላችሁኝ የለም ወይ?»

መልስ አልነበረንም። በ2017 አያታችን ስታርፍ መርዶ በስልክ አይነገርም ተብሎ ታዘዝን። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አባባ ሲደውሉ አንዴ «ተኝታለች»፣ አንዴ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አልን። ሽማግሌዎች እዚህ ተሰብስበው በሌሊት በራቸውን እስኪያንኳኩ ድረስ። ደግ ያደረግን መስሎን ነበር። እዚያ ያለነው ስለ ሞት እየዋሸን፣ እዚህ ያሉት ስለ ጉልበት እየዋሹ፣ ሃያ ዓመት «ደህና ነን» ተባባልን። ቋንቋችን እንደሆነ ለጉልበትም ለብርታትም ያለው ቃል አንድ ነው። «ጉልበቴን አመመኝ» ማለት ለአባት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ማታ ነው የገባን።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «መኪናው እንዴት ይጠገን?» መሆኑ ቀረ። «አባባ እንዴት ይንዱት?» ሆነ። አውቶማቲክን እንደገና አነሣን፤ አሁንም እንቢ አሉ። «ማርሽ መቀየር ነው ደስ የሚለኝ፤ ሌላውን ለሥራ እነዳዋለሁ» አሉ። ይህ በቂ ምክንያት ነው። መፍትሔውም ነበረ። ዲያፍራም የሚባለው የፍሪሲዮን ዓይነት በብዙ ጠንካራ ሞላዎች ፈንታ እንደ ሳህን የጎበጠ አንድ ሞላ አለው። ሲረገጥ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ወደ መጨረሻው ግን ይለሳለሳል፤ መብራት ላይ ረግጦ መቆየት አያሰቃይም። ጎረቤታችን እንደነገሩን ካማሮውም ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው እንዲህ ያለ ነው። እኛ ያመጣነው አዲስ ነገር የለም፤ አንዱ ጉልበቱን ሊያሳይ የጨመረውን አነሣን እንጂ።

ካምቢዮውን በታደሰ ሌላ መንሲ ቀየርነው። ባለ አምስት ማርሽ አዲስ ማስገባትም ይቻል ነበር፤ ለሀይዌይ ይሻላል፣ ለኪሳችን ግን አይሆንም። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረውን ከባድ ብረት፣ ቮላኖውን፣ አስላግን መለስነው። መሐል ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ የነሐስ ቀለበት ለማውጣት ጎረቤታችን ዳቦ ጠየቁን። የቀለዱ መሰለን። እርጥብ ዳቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቀን፣ ልክክ የሚል ብረት አስገብተን በመዶሻ ስንመታ፣ መሄጃ ያጣው ዳቦ ቀለበቷን ከኋላ ገፍቶ አወጣት። አባባ «የቁርሴን ዳቦ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር አምጥተው አጠገባችን መቀመጥ ጀመሩ።

አሁን ደግሞ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ሁሉን ገጥመን፣ ብሎኖቹን በልካቸው አጥብቀን ስንጨርስ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ አለ። ሸራውን ገልብጠን ነበር የገጠምነው! ወደ ቮላኖው መዞር ያለበት ጎን በጉልህ ተጽፎበታል፤ ሁለታችንም ሌላው ያነበበው መስሎን አላነበብነውም። እንደገና ማውረድ፣ እንደገና መስቀል፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ ሄደ። የማስተካከያውን ፕላስቲክ ዘንግ ተጠቅማችሁ ሸራውን መሐል ላይ አስቀምጡ፤ ካምቢዮው እስከ መጨረሻ በእጅ ካልገባ በብሎን ስባችሁ አታስገቡት፣ የአካሉ ጆሮ ይሰበራል። የካምቢዮውም ዘይት ጂኤል-4 የተባለው ይሁን፤ ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም ነሐስ ሊበላ ይችላል። ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ኢንች ያህል ባዶ መውረድ አለበት። ይህን ሁሉ በገንዘባችን ነው የተማርነው፤ እናንተ በነፃ ውሰዱት።

የመጀመሪያው ቀን አባባ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። መሪው ፊት ተቀመጡ፣ በግራ እግራቸው ፔዳሉን ረገጡ። እኛ ሞተሩን አይደለም፣ ፊታቸውን ነበር የምናየው። እስከ ታች ወረደላቸው። አንዴ ለቀቁት፣ እንደገና ረገጡት፣ ቀና ብለው አዩን፤ ምንም አላሉም። የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ማውንት ቨርነን በሚወስደው የጆርጅ ዋሽንግተን መንገድ ወጣን። አንደኛ፣ ሁለተኛ... ድምፅ የለም። ሦስተኛ። ከዚያ እኒያ የታክሲ ጨዋ ሾፌር ጠፉና የአሰብ መንገድ ኤንትሬ ነጂ መጣ። ከኋላ ወንበር ሁለታችንም በአንድ አፍ ጮኽን።

«አባዬ! ኧረ ቀስ በል!»

በመስታወቱ አዩንና ሳቁ። እኛም ምን እንዳልን የገባን ዘግይቶ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ቁልፉን ይዘን ጠበቅነው። ከክፍሉ ሲወጣ ማሰሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ደረጃው ላይ ቆመና ቁልፉን ወደ እኛ መለሰው።

«ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል» አለ። «እናንተ ንዱ፣ እኔ ልቀመጥ።»